ያልታመሙትን ማን ጠየቀ?

የኛ ሰው የታመመ ይጠይቃል። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይላል፣ ከዚያ “ምን ነካህ? የት ውለህ ነበር? ምን በልተህ ነበር?” ይላል። በሽተኛው አፉን እስኪከፍት ግን አይጠብቅም፤ መልሱን ይዞት ነው የመጣው። “ብርድ ነው! ያን ለት ሹራብ ሳትደርብ ስትወጣ አይቼህ ነበር እኮ!” ሌላው ይቀበላል፦ “ኧረ ምች ነው። ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ ላይ ቆመህ ይሆናል።” ሦስተኛዋ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ዓይን ነው ባካችሁ፤ ሰሞኑን ሲዘንጥ አላያችሁትም?” ትላለች። እናም አልጋ የያዘው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ይታመማል፤ አንዴ በበሽታው፣ አንዴ በጠያቂው።

ያልታመመ ሰው የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ብርቱካኑን ገዝቶ፣ ጤነኛ ጎረቤቱን በር አንኳኩቶ፣ “ጉንፋን እንዳልያዘህ ሰምቼ ነው የመጣሁት፤ የት ውለህ ነው? ምን በልተህ ነው?” የሚል ሰው ቢገኝ ጠበል ውሰዱት ይባላል። የዛሬው ወጌ ስለዚህ ዓይነቱ እብድ ነው።

ተቺ ሲባል ልብ ወለድ ወይም ቴያትር የሚተች ሰው ነው የሚታወቀን። እኔ ዛሬ የምተቸው የጥናት ወረቀት ነው። ምን አገባህ የሚለኝ ካለ፣ የሆነ ነገር አግብቶኛል፤ ወደ ኋላ አወራዋለሁ። ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን መግባቱ ከተነገረ ወዲህ “ጥናት አረጋገጠ” የማይል ሬዲዮ፣ የማይል ጋዜጣ፣ የማይል ባለታክሲ አልነበረም። የደም ዓይነታችሁ እንዲህ ከሆነ ተጠንቀቁ ተባለ። ራሰ በራዎች ተጠንቀቁ ተባለ። (እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ እጄን ሰድጄ አናቴን ዳበስኩ።) ባለሙያዎቹ እነዚህን ነገሮች “ለበሽታ የሚያጋልጡ ሁኔታዎች” ይሏቸዋል። ጨዋ ቃል ነው። ከላቦራቶሪ ወጥቶ፣ በጋዜጣ በኩል አልፎ፣ እኛ ሳሎን ሲደርስ ግን “ጥፋተኛው ማነው?” ሆኖ ይተረጎማል።

ከታክሲው ልጀምር። መቼም ታክሲ ተሳፍሮ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው የምለው ይገባዋል። አሥራ ምናምን ሰው ተጠጋግቶ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየተቀበለ፣ ወገቡን ይዞ የሚያስል ሰው ከኋላ እያለ፣ ጣትዎን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፉ ብቻ ነው ሕዝቡ የሚነቃው። “ዝጋው እንጂ! ብርድ ሊያስመታን ነው እንዴ?” የጤና ባለሙያዎች ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሲሉ ስንት ዘመን “መስኮት ክፈቱ” እያሉ ጮኸዋል። ሰሚ አላገኙም። በኛ ዘንድ የሚያስለው ሰውዬ የታመመ ምስኪን ነው፤ በሽታው ንፋሱ ነው።

ግምት ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በዓለም ዙሪያ የነበረው ከባድ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀ። የኅዳር በሽታ የምንለው ነው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር የየሰፈራችን ጥራጊ ተሰብስቦ ይነዳል፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ለሳንባ በሽታ ብለን ሳንባችንን በጢስ እናጥነዋለን። በዚያ ዓመት ያልታጠነ ሰፈር ነበረ ወይ? እዚያስ ስንት ሰው ሞተ? ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። ለጠያቂ የሚበቃ ጤነኛም በከተማው አልነበረም፤ እውነት ነው።

እሺ፣ ብርዱን የፈተሸ የለም? አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የዌልስ ዋና ከተማ በሆነችው በካርዲፍ አጥኚዎች 180 ሰው ሰበሰቡ። 90ዎቹ እግራቸውን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከሩ። የቀሩት 90ዎቹስ ምን አደረጉ? ጫማና ካልሲያቸውን እንዳጠለቁ እግራቸውን ባዶ ሳፋ ውስጥ ከተው ተቀመጡ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ የፈለግሁት እብድ እሱ ነው! ጫማውን ሳያወልቅ ባዶ ሳፋ ውስጥ ቁጭ ያለው ሰውዬ ነው ያልታመመው ሰው። በቀጣዮቹ አራት አምስት ቀናት ከተነከሩት 13 ሰዎች፣ ከባዶ ሳፋዎቹ ደግሞ 5 ሰዎች “ጉንፋን ይዞኛል” አሉ።

እዚህ ላይ የታክሲው ተሳፋሪ “አላልኩም?” ብሎ ያጨበጭብ ይሆናል። ቆይ ወንድሜ! አጥኚዎቹ ያልታመሙትን በመጠየቃቸው ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ቀርቷቸዋል። አንደኛ፣ የማንም አፍንጫ አልተመረመረም፤ ቫይረስ ይኑር አይኑር ሳይታይ የተወሰደው የሰዎቹ ቃል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው የትኛው ሳፋ ውስጥ እንደነበረ ያውቃል። የእንግሊዝ እናትም እንደኛ እናት “እግርህ ረጥቦ ጉንፋን ያሲዝሃል” እያለች ነው ያሳደገችው። 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የቆየ ሰው በማግሥቱ አፍንጫውን እየደባበሰ ቢጠባበቅ ምን ይደንቃል? አጥኚዎቹ ራሳቸው ያሉት ደግሞ ብርዱ ጉንፋን ይፈጥራል አይደለም። ቀድሞ አፍንጫ ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ ካለ ብርዱ በሩን ይከፍትለት ይሆናል ነው ያሉት። “ይሆናል” የምትለዋ ቃል በጋዜጣ መጓጓዣ ተሳፍራ አታውቅም።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እዚያው እንግሊዝ፣ ሳሊስበሪ አጠገብ አንድ የሚያስቀና ቦታ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች የሠሩት ሆስፒታል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ለ40 ዓመት ከዚያም በላይ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ ሆኖ ቆየ። ፈቃደኞች ይመጣሉ፤ ምግብ በነጻ፣ መኝታ በነጻ፣ የኪስ ገንዘብም አለ። ሥራቸው አፍንጫቸው ውስጥ ጠብታ ማስጨመር ነው። ጠብታው ቫይረስ ይሁን ንጹሕ ፈሳሽ አይነገራቸውም። ከዚያ ሰዎቹ የተናፈጡበት ሶፍት ሳይቀር ይቆጠራል። እዚያም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰዎችን ገላቸውን አስታጥበው፣ እርጥብ እንዳሉ ንፋስ የሚያልፍበት ኮሪደር ላይ አቁመው አይተዋል። ብርዱ ብቻውን ማንንም ጉንፋን አላስያዘም። ጣቢያውን ኋላ የመሩት ዴቪድ ቲረል የሚባሉ ሐኪም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 “ኮሮናቫይረስ” የሚለውን ስም ካወጡት ሳይንቲስቶች አንዱ እሳቸው ናቸው። እኛ በ2012 የሰማነውን ስም ማለት ነው።

እዚሁ ጣቢያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ የዛሬው ሒሴ መሐል አገሩ እሱ ነው። ሼልደን ኮኸን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከእነ ቲረል ጋር ሆነው ለ394 ጤነኛ ሰዎች ቫይረስ ያለበት ጠብታ ሰጡ። አስቀድመው ግን “ኑሮ እንዴት ነው? ምን ያስጨንቅሃል?” ብለው በመጠይቅ ጠይቀዋቸዋል። ውጤቱ፣ ጭንቀት በበዛ ቁጥር የሚታመመው ሰው በዛ። ጭንቀታቸው አነስተኛ ከሆነው መካከል ጉንፋኑ የወጣባቸው ከመቶ 27 ያህል፣ በጣም ከተጨነቁት ደግሞ ከመቶ 47 ያህል ሆኑ።

ይህ ሥራ ውብ ነው። ለምን ቢባል፣ ቫይረሱ ለሁሉም እኩል ተሰጥቷል። ማን የት ዋለ፣ ማን ማንን ሳመ፣ ማን ገበያ ሄደ የሚለው ጣጣ ሁሉ በአንድ ጠብታ ተዘግቷል። የቀረው ጥያቄ “ለምን አንተ ታመምክ፣ ያኛው አልታመመም?” ብቻ ነው። ዜናው ግን ምን ሆነ? “ጭንቀት ጉንፋን ያመጣል” ሆነ። እስቲ ሌላውን ቁጥር እንየው፤ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከፊተኛው ቀድሞ የተጻፈ ነው። ታመሙም አልታመሙም ቫይረሱ ሰውነታቸው ውስጥ የገባው ስንት ናቸው? ከተጨነቁት ከመቶ 90 ያህል። ካልተጨነቁትስ? ከመቶ 74 ያህል! ሐሳብ የሌለበት፣ ዕዳ የሌለበት፣ አማት የማትነዘንዘው ሰውዬም ቫይረሱ አፍንጫው ውስጥ ከተጨመረ ከአራት ሦስት እጁ ተይዟል ማለት ነው። ጭንቀት ነገሩን ማባባሱ እውነት ነው። አብዛኛውን ሥራ የሠራው ግን ጠብታው ነው። ይህን አርዕስት ያደረገ ጋዜጣ አላጋጠመኝም፤ “ቫይረስ ያለበት ጠብታ አፍንጫው የገባ ሰው ይታመማል” የሚል ዜና ማን ይገዛል?

እነ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ እንቅልፍን አጠኑ። 153 ሰዎች ለ14 ቀን በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደተኙ ተጠየቁ፤ ከዚያ ጠብታው። በሌሊት ከ7 ሰዓት በታች የተኙት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተኙት ይልቅ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው 2.94 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሦስት እጥፍ በሉት። ይህም በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ገቢን፣ ትምህርትን፣ ሌላውንም እያስተካከሉ ነው ያሰሉት። የኔ ነገር ሌላ ነው። ዜናውን በሬዲዮ ያነበበው ጋዜጠኛ “ስለዚህ ውድ አድማጮቻችን በቂ እንቅልፍ ይተኙ” ብሎ ዘጋ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ዕቃ አጥባ ጨርሳ የምትተኛ፣ ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ለቁርስ የምትነሳ የቤት ሠራተኛ ስድስት ሰዓት ነው የምትተኛው። እሷም ሬዲዮውን ትሰማለች፤ ሽንኩርት እየከተፈች። ምን አድርጊ ነው የምትባለው? ይህችን ልጅ አትርሱብኝ።

ኮሮና ሲመጣ ጠብታው ነገር አይቻልም ነበር፤ ቢያንስ በመጀመሪያ። ሰው ሊሞት ይችላላ! ስለዚህ ጥናቱ ወደ ጥያቄ ተመለሰ። ከነዚህ አንዱን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. መስከረም 2020 አወጣው። በበሽታው ምልክት ምክንያት ለምርመራ የመጡ 314 ሰዎች ናቸው፤ 154ቱ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል፣ 160ዎቹ ነጻ ወጥተዋል። ሁለቱም ወገን “ከመታመምህ በፊት በነበሩት 14 ቀናት የት የት ሄድክ?” ተባሉ። ገበያ፣ ቢሮ፣ ፀጉር ቤት፣ አውቶቡስ፣ ቤተ ክርስቲያን… በአብዛኛው ልዩነት የለም። ምግብ ቤት ሄዶ መብላት ላይ ግን ቫይረሱ የተገኘባቸው ከእጥፍ በላይ በልጠው ተገኙ። ሐቀኛ ጥናት ነው፤ ድክመቱንም ራሱ ይናገራል። ምግብ ቤት ውስጥ በላህ ወይስ በረንዳ ላይ? ብሎ አልለየም። ለኔ ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም። ጥያቄው “የት ሄድክ” እንጂ “ቤቱ መስኮት ነበረው ወይ” አይደለም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ነጻ ይወጣል፤ ወንጀለኛም ቢሆን።

ከዚህ ወረቀት ጋር የተያያዘችው ታሪክ ግን ሌላ ናት። ጥናቱ ውስጥ ስለ ጭምብል የሚል አንድ መስመር ነበረ። ከታመሙት ውስጥ ማስክ ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ አደርግ ነበር ያሉት ከመቶ 85 ናቸው። ጥቅምት ወር ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በቴሌቪዥን ቀርበው ማስክ ከሚያደርጉ ሰዎች 85 በመቶው ይያዛሉ አሉ። አያችሁ ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ? “ከታመሙት 85ቱ ያደርጋሉ” የሚለው “ከሚያደርጉት 85ቱ ይታመማሉ” ሆነ። ሰውየው ጣታቸውን ትንሽ ወደ ቀኝ ቢያንቀሳቅሱ ኖሮ የጎረቤቱን አምድ ያገኙት ነበር። ካልታመሙት መካከል ማስክ የሚያደርጉት ስንት ናቸው? ከመቶ 89 ያህል! በዚያ ሰሞን የታመመውም ያልታመመውም ማስክ አጥልቋል። የታመሙትን ብቻ ብንጠይቅ፣ ሁሉም ሱሪ ለብሰው ነበርና ሱሪም ያጋልጣል ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ያልታመሙትን መጠየቅ ብቻውን አያድንም፤ የትኞቹን ጤነኞች የሚለውም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 በፓሪስ ሆስፒታል ከገቡት የኮሮና ሕመምተኞች መካከል አጫሾች ጥቂት ሆነው ተገኙ። ወሬው ሲሰማ ሰዉ ለኒኮቲን ፕላስተር ተሻማ፤ መንግሥት ሽያጩን በልክ አደረገው። ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሆኖ ሲጠየቅ “አቁሜያለሁ” ሊል እንደሚችል፣ ሆስፒታል የተኛ ሰው መንገድ ላይ ካለው ሰው ጋር በብዙ ነገር እንደማይመሳሰል ማን ያስታውስ? በጥቂት ሳምንት ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት አጫሾች ይበልጥ እንደሚጠቁ ተናገረ። ይሄን በዚሁ ልለፈው።

ያን የትራምፕን 85 በመቶ ሳነብ ነው እንግዲህ የራሳችን ቤት የታየኝ። ሳቄም እዚያው ላይ ቆመ።

በ2013 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያ፣ ቅበላ ሰሞን፣ አክስቴ ቤት የባሏን ሙት ዓመት አሰብን። ብዙ ሰው አልተጠራም፤ ጊዜው ኮሮና ነው ተብሎ ቤተ ዘመድ ብቻ። 14 ነበርን። 9ኛችን ሳሎን፣ ሦስት ወጣቶች በረንዳ ላይ፣ አንዲት ጎረቤትና የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ጓሮ ማድቤት። ቀኑ መሸ፣ በር ተዘጋ፣ መስኮቱማ ድሮም ተዘግቷል። ቡና ተፈላ፣ ዕጣኑ ጨሰ። አንድ ጋሼ የምንላቸው ዘመድ ከክፍለ ሀገር ልቅሶ ደርሰው የተመለሱት በዚያው ሳምንት ነው፤ ያስላቸዋል። “ብርድ መትቶኝ ነው” አሉ። “አይዞዎት” ብለን አጠገባቸው ተጠጋን። አራት ሰዓት ያህል ተጫወትን።

በሳምንቱ አክስቴ ሆስፒታል ገባች፤ ኮሮና ሆነ። እኔም ተመርምሬ ተገኘብኝ፣ ቀለል ያለ ነበር። በጠቅላላው 6 ሰው ታመምን። ያኔ በከተማው ኦክስጅን እንደ ወርቅ የሚፈለግበት ሰሞን ነበር፤ አክስቴ በመትረፏ እስከ ዛሬ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ከዚያ የስልክ ሸንጎ ተቀመጠ። “ማን አስገባው?” ፍርዱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ልጅቷ ናት! ገበያ የምትመላለሰው እሷ። ታክሲ የምትሳፈረው እሷ። ማስኳን አገጯ ላይ የምታንጠለጥለው እሷ። እሑድ እሑድ ከአገሯ ልጆች ጋር የምትገናኘው እሷ። ደግሞስ ሁላችንም የበላነው ማን የሠራውን ነው? በመጨረሻ አንዱ ዘመዳችን የማይገሰሰውን ማስረጃ አመጣ፦ “ይኸው እሷ አልታመመችም! ተሸክማው ነዋ የምትዞረው።” ብትታመም ኖሮ “ይኸው ታመመች” እንል ነበር። አልታመመችምና አልታመመችም ተብሎ ተፈረደባት።

የወር ደሞዟን በፖስታ አድርጎ የማድረሱ ሥራ ለኔ ተሰጠ። “አንተ አንባቢ ነህ፤ በለስላሳ ቋንቋ ንገራት” ተባልኩ። ነገርኳት። ለስላሳ ነበር፣ አይካድም። ልጅቷ ፖስታውን ይዛ ትንሽ ዝም አለችና፣ “ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ለት ሳሎን አልገባሁም። በኮሮና ምክንያት እንዳትገቢ ብላችሁኝ ሳህኑን በር ላይ ነው የተቀበላችሁኝ” አለች። “አውቃለሁ፣ አውቃለሁ” አልኳት። ሰውን ቶሎ ለማሰናበት የምንለው “አውቃለሁ” ነው። ሻንጣዋን እስከ አስፋልት ያዝኩላት።

ሁለት ዓመት ቆይቼ፣ ያን የአሜሪካኖች ሠንጠረዥ ፊቴ አድርጌ፣ በደብተር ላይ የኛን አሰመርኩ። የልጅቷን ወጥ የበሉና የታመሙ፦ 6። ወጡን የበሉና ያልታመሙ፦ 8። ወጡን ያልበላ የለም። እሷ የሠራችውን መብላት ከሱሪ መልበስ አይለይም። ቀጠልኩ። ሳሎን ከተቀመጥነው 9 ሰዎች የታመምን፦ 6። ውጭ ከነበሩት 5 ሰዎች የታመመ፦ የለም።

ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ። ይህ ሠንጠረዥ ለትችት ቢቀርብ እኔው ራሴ ነኝ ቀድሜ የምቀደው። 14 ሰው ምን አላት? ሳሎን የተቀመጥነው ሽማግሎቹና ጎልማሶቹ ነን፤ በረንዳ ላይ የነበሩት ወጣቶች ናቸው። ወጣት ተይዞ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ እነሱን ደግሞ የመረመረ የለም። እኔም እንደ ሌሎቹ ማን የት እንደተቀመጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የማስታውሰው፤ ትዝታ ደግሞ የሚፈልገውን ወንበር ይመርጣል። “ታዲያ ጋሼ ናቸዋ!” የሚለኝም ይኖራል፤ እሱንም አልልም። እኔም በዚያ ሳምንት አራት ታክሲ ተሳፍሬያለሁ፣ ባንክ ተሰልፌያለሁ፣ አንድ ቢራ ቤትም… ይቅር። ማን እንዳስገባው አይታወቅም። ግን ከ14ታችን ውስጥ ስለ ክፍሉ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከፈረደባት ሸንጎ ይልቅ ከበሽታ አጥኚ ጋር የሚቀራረብ አረፍተ ነገር የተናገረችው እሷ ነበረች፤ ፖስታ አስይዣት ነው የተናገረችው።

በቻይና ጓንግዡ ከተማ የሆነውን ሳነብ ሁልጊዜ ይህች ቃሏ ትመጣብኛለች። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2020፣ የቻይናውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ምግብ ቤት በተጠጋጉ ሦስት ጠረጴዛዎች ምሳ በሉ። አንደኛው ቤተሰብ ከዉሃን የመጣ ነበር። ከሦስቱ ቤተሰቦች 10 ሰው ታመመ። አጥኚዎቹ እዚህ ላይ ቢያቆሙ “የዉሃን ሰዎች አስገቡት” ብሎ መሄድ ይበቃ ነበር፤ ብዙ ሰውም ያለው ይህንኑ ነው። እነሱ ግን ያልታመሙትን ጠየቁ። በዚያ ፎቅ የዚያን ዕለት ምሳ የበሉት 83 ነበሩ፤ የቀሩት 73ቱ አልታመሙም። ስምንቱ አስተናጋጆችም አልታመሙም። ታዲያ እነዚያ ሦስት ጠረጴዛዎች ምን የተለየ ነገር አላቸው? አንድ አየር ማቀዝቀዣ ነው የሚነፋባቸው፤ ያንኑ አየር እያዞረ። ሕንጻው መስኮት የለውም። በኋላ ባለሙያዎች ሄደው ሲለኩ ለአንድ ሰው በሴኮንድ የሚደርሰው ንጹሕ አየር 1 ሊትር ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዉሃን የመጣው ሰው ቫይረሱን ይዞ መምጣቱ አልተካደም። ዘጠኙን ሰው ለማዳረስ ግን ክፍሉ አግዞታል።

የሰው ስም መጥራት ቀላል ስለሆነ ነው መሰለኝ ጥያቄያችን ሁሉ “ማን?” የሚሆነው። የክፍል ስም የለውም። ክፍል ከሥራ አይባረር፣ ክፍል አያለቅስ፣ ሻንጣ አይሸከም።

ልጅቷን ፈልጌያለሁ። ስልኳ አይሠራም። ያመጣት ደላላ “እሷማ አሁን የት እንዳለች እንጃ፤ ሌላ ልጅ ላምጣልህ?” አለኝ። ምን ልላት እንደነበር በደንብ አላውቅም፤ ሠንጠረዡን ላሳያት ነው? አክስቴም አንዳንዴ ታነሳታለች። “እጇ ጣፋጭ ነበር” ትላለች። በሽታውን እሷ እንዳስገባችው ግን እስከ ዛሬ አትጠራጠርም። አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ “እና ጋሼን ነው የምትለው? አረ ተው፣ ትልቅ ሰው ናቸው!” አለችኝ።

ባለፈው ሙት ዓመቱን ስናስብ ያው ሳሎን ያው ሰው ተሰበሰበ። ቡና ሲፈላ ተነስቼ መስኮቱን ልከፍት ሞከርኩ። አልከፈት አለኝ። ለካ ቤቱ ቀለም ሲቀባ ክፈፉ አብሮ ተቀብቶ፣ ቀለሙ ደርቆ ተጣብቋል፤ ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ እንጃ። ከማድቤት ቢላ አምጥቼ ዳር ዳሩን መፋቅ ጀመርኩ። ትንሽ ሄደልኝ፤ በቀጭኑ ስንጥቅ የውጭው አየር ፊቴን ነካው።

“ኧረ አንተ ልጅ፣ ተወው!” አለች አክስቴ ከኋላዬ፣ ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ እየሳበች። “ብርድ ሊያስመታን ነው እንዴ?”